ጠርሙሱ ተመዝግቧል፤ አፈሩስ?

ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን
ለግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ፀረ ተባይ ሲመዘገብ፣ ሲሸጥና ሲረጭ የአፈሩ ኦርጋኒክ ይዘት ከግምት እንዲገባ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፦

ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በአክብሮት ነው፤ ቅሬታም አለበት። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ወደ አገር ሊገባ፣ ሊሸጥም ሆነ ሥራ ላይ ሊውል አይገባም። መዝገቡ ስለ ጠርሙሱ ብዙ ይጠይቃል፤ ማን እንደሠራው፣ ምን ንጥረ ነገር እንዳለው፣ የትኛውን ተባይ እንደሚገድል፣ ሰው ላይ ምን ጉዳት እንደሚያደርስ። መልካም ነው። መድኃኒቱ ከጠርሙሱ ወጥቶ መሬት ካረፈ በኋላ ግን ዕጣ ፈንታውን በአብዛኛው የሚወስነው አፈሩ ነው። ከግብዓት ሱቁ እስከ ማሳው ድረስ ስለዚያ አፈር የሚጠይቅ ሰው አይገኝም።

በበጋ ማለዳ መቂ ወይም ባቱ አካባቢ ቲማቲም ማሳ ዳር የቆመ ሰው የሚያየው ይህን ነው። አንድ ጎረምሳ የጀርባ መርጫውን ከመስኖው ቦይ ይሞላል። የጠርሙሱን ክዳን መለኪያ አድርጎ አንድ ሁለት ክዳን ያንቆረቁራል፤ ከሌላ ጠርሙስም ይጨምርበታል፤ በዱላ ያማስላል። ጓንት የለም። ከዚያ በረድፉ መካከል ወደፊት ይሄዳል። ቅጠሉ የያዘውን ይይዛል፤ የተረፈው ጠብታ መሬት ላይ ያርፋል፤ ማታ ደግሞ ውኃ ይለቀቅበታል። ስለ ጓንቱና ስለ አፍንጫ መሸፈኛው ብዙ ተብሏል፤ ተገቢም ነው። ይህ ደብዳቤ የሚከተለው ግን ያቺን መሬት ላይ ያረፈች ጠብታ ነው።

ጠብታዋ አፈር ስትነካ ሦስት መንገድ ይጠብቃታል። ከአፈሩ ጋር ትቆራኛለች፤ ወይም ከውኃው ጋር ወደ ታች ትሰርጋለች፤ ወይም በጥቃቅን ሕዋሳት፣ በፀሐይና በእርጥበት ተበጣጥሳ ትጠፋለች። ከሦስቱ የትኛው እንደሚያይል የሚወስነው በአመዛኙ ብስባሹ ነው። ቅጠል፣ ሥር፣ ፍግና የሞቱ ነፍሳት በጥቃቅን ሕዋሳት ተበልተውና ተፈጭተው የሚቀረው ጥቁር ነገር ማለት ነው። ኬሚስቶች ሁሚክ አሲድ፣ ፉልቪክ አሲድና ሁሚን እያሉ ይከፋፍሉታል። ከአፈሩ ክብደት ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው፤ ሥራው ግን ከመጠኑ ጋር አይመጣጠንም።

ብዙ ዓመት ሲታመን የነበረው መርዙ በአፈሩ ማዕድን ገጽ ላይ እንደሚለጠፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ኬሪ ቺዩና ባልደረቦቹ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ሌላ ነገር አሳዩ። የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸውና ውኃ የማይወዱ ኬሚካሎች እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገቡ በማዕድኑ ላይ ከመለጠፍ ይልቅ ወደ ብስባሹ ውስጥ ሰርገው ይቀመጣሉ። ቅቤ ያነጠረች እናት ይህን በእጇ ታውቀዋለች፤ የኮረሪማውና የኮሰረቱ መዓዛ ከውኃው ይልቅ ወደ ቅቤው ይገባል፣ እዚያው ይቆያል። ውኃ የሚጠላ መርዝም ብስባሹን እንደዚያ ይመርጣል።

ሁሉም መርዝ ግን ጠባዩ አንድ አይደለም። ለስንዴና ለጤፍ ማሳ አረም የሚረጨው፣ አርሶ አደሩ «ቱ ፎር ዲ» የሚለው መድኃኒት፣ አፈር ውስጥ አሉታዊ ሙል ይይዛል፤ ብስባሹም ሸክላውም በአብዛኛው አሉታዊ ስለሆኑ ይገፉታልና ከውኃው ጋር መሄድ ይቀለዋል። የሚያድነው ነገር ቢኖር ጥቃቅን ሕዋሳት ቶሎ የሚበሉት መሆኑ ነው። ግላይፎሴት ደግሞ ብስባሹን ብዙም አይፈልግም፤ የሚይዘው የብረትና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶችን ነው። እነዚህ በቀይ አፈር ውስጥ ሞልተዋል። ቦታውን የሚሻማው የማዳበሪያው ፎስፌት ነው። ፓራኳት አዎንታዊ ሙል ስላለው ሸክላውን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ «አፈር መርዝን ይይዛል» ብሎ በጅምላ መናገር አይቻልም፤ የትኛው አፈር የትኛውን መርዝ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ክቡራን፣ ጥያቄው የሊቃውንት ጨዋታ አለመሆኑን ትንሽ ሒሳብ ያሳያል። እያንዳንዱ ፀረ ተባይ ከአፈር ኦርጋኒክ ካርቦን ጋር ምን ያህል እንደሚቆራኝ የሚነግር ቁጥር አለው። የቱ ፎር ዲ በአሥር ቤት ነው፤ የአትራዚን 100 ገደማ፤ የክሎርፓይሪፎስ በሺዎች፤ የዲዲቲ በመቶ ሺዎችና ከዚያም በላይ። በበቆሎ ማሳ ላይ የሚረጨው አትራዚን ለምሳሌ ይወሰድ። አፈሩ 3 በመቶ ኦርጋኒክ ካርቦን ቢኖረው፣ አንድ ኪሎ አፈር የሚይዘው አትራዚን አጠገቡ ያለው አንድ ሊትር ውኃ ከሚይዘው ሦስት እጥፍ ነው። ካርቦኑ ወደ 0.5 በመቶ ሲወርድ ግን ኪሎው አፈር ሊትሩ ውኃ የሚይዘውን ግማሽ ብቻ ይይዛል። አንድ ሊትር አፈር 1.3 ኪሎ ቢመዝንና ከይዘቱ 30 በመቶው ውኃ ቢሆን፣ ውኃው አንድ ሜትር ወደ ታች ሲሰርግ በመጀመሪያው አፈር አትራዚኑ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል። በሁለተኛው ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ። ጠርሙሱ ያው ነው፤ ክዳኑም ያው፤ ዝናቡም ያው።

እርግጥ ማሳ እንደ ሒሳብ አይደለም። መረሬ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ያበጃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ሲወርድ መርዙን ከብስባሹ ጋር ሳያገናኝ ወደ ታች ይወስደዋል። ይህም ቢሆን ጥያቄውን ያጠናክረዋል እንጂ አያስቀረውም።

አሁን ወደ ጓሮው ይኬድ። በሲዳማ፣ በጌዴኦ ወይም በጉራጌ እንሰት ደጅ ያለው አፈር ለትውልዶች የከብት ፍግና የቤት ጥራጊ የተጣለበት ነው። ሲጨብጡት ይፈረፈራል፣ ጥቁር ነው፣ ትል አለበት። ጥቂት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጠብ ቢደረግበት ብስባሹ እየተቃጠለ አረፋ ያወጣል። ራቅ ብሎ ካለው፣ ዓመት ሙሉ ታርሶ ገለባው ለከብት ከታጨደበት ማሳ የተወሰደ እፍኝ አፈር ላይ ያው ጠብታ ቢደረግ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሁለቱ አፈሮች የአንድ ባለቤት ናቸው። በሁለቱ መካከል የደቂቃዎች መንገድ ነው ያለው። ለሁለቱ የሚገዛው መድኃኒት ከአንድ ሱቅ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ በሄክታር ይህን ያህል ሊትር።

ውጤቱ ሁለት ዓይነት ነው። አረሙ ከመብቀሉ በፊት አፈር ላይ የሚረጭ ፀረ አረም በጥቁሩ አፈር ላይ ሲያርፍ ብስባሹ ይይዘውና አረሙ ሳይሞት ይቀራል፤ ገበሬው «መድኃኒቱ ውኃ ተቀላቅሎበታል» ብሎ ነጋዴውን ይረግምና በሚቀጥለው ጊዜ መጠኑን ይጨምራል። ያንኑ መጠን በሳሳው አፈር ላይ ሲረጨው ደግሞ ሰብሉ ራሱ ይጎዳል፣ የተረፈውም ወደ ውኃ ጉድጓዱ ይሄዳል። በአሜሪካ አፈር ላይ የሚረጩ ብዙ ፀረ አረሞች ገላጭ ጽሑፍ የአፈሩን ዓይነትና የኦርጋኒክ ይዘቱን እየለየ የተለያየ መጠን ያዛል። አሸዋማና ብስባሽ የሌለው አፈር ላይ ጨርሶ አትርጩ የሚልም አለ። የኢትዮጵያ ገበሬ ከዚህ ያነሰ ሊነገረው አይገባም።

የሳሳው አፈር ለምን ሳሳ? ፍጉ ኩበት ሆኖ ስለነደደ፣ ገለባው ለከብት ስለሄደ፣ አገዳው ምድጃ ስለገባ ነው። በዚህ እናቶች አይወቀሱም፤ ሌላ ማገዶ በሌለበት ደጋ ኩበት ካልነደደ እንጀራ አይጋገርም። ግን እያንዳንዱ የነደደ ኩበት አፈሩ መርዝ የሚይዝበትን አቅም ይዞ እንደሚሄድ የሚቆጥረው የለም። ስለ ኮምፖስት ሲነገር ምርት ይጨምራል ይባላል፤ እርጥበት ይይዛል ይባላል። የጉድጓድ ውኃ ከፀረ ተባይ ይጠብቃል ሲባል ግን አይሰማም። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ይህን ትልቅ ክፍተት ነው ብሎ ያምናል፤ ምክንያቱም የልማት ሠራተኛው ሁለቱንም መልእክት፣ የርጭቱንም የኮምፖስቱንም፣ ለአንድ ገበሬ የሚያደርስ ሰው ነው። ሁለቱ የሚገናኙበትን ነጥብ ግን የነገረው የለም።

በመቂ አካባቢ ጉዳዩ ከሌላው ይብሳል። እዚያ የከርሰ ምድር ውኃው ቅርብ ነው፤ ገበሬዎች በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ ፓምፕ ተክለው ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣሉ። ከማሳው የሚሰርገው ውኃ ወደዚያው ጉድጓድ የሚመለስበት ርቀት አጭር ነው። የዝዋይ ሐይቅ ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ የመቂና የከታር ወንዞች ከአርሲና ከጉራጌ ደጋ የሚያመጡትን ሁሉ ይቀበላል። ሐይቁ ዓሣ ይጠመድበታል፣ ማሳ ይጠጣበታል፣ የባቱ ከተማም ውኃ ይቀዳበታል። በሐይቁና በዙሪያው ባሉ ወራጅ ውኃዎች ላይ የተደረጉ ክትትሎች የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝተዋል። በዓሣው ሥጋ ውስጥም የዲዲቲና ዲዲቲ ሲበጣጠስ የሚፈጠረው የዲዲኢ ቅሪት መገኘቱን የታተሙ ጥናቶች ይናገራሉ።

ዲዲቲ እንዴት ዓሣ ውስጥ ገባ? በውኃ አይሟሟም ማለት ይቻላል፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ከአንድ ሚሊ ግራም መቶኛ ያንሳል። ከብስባሽ ጋር ከተቆራኘ በውኃ ታጥቦ ወደ ታች አይሄድም። የሚሄደው ከብስባሹ ጋር አብሮ ነው። ስዊሳዊው ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ የአፈር ጥበቃ ምርምር ላይ ሳለ ከታረሰ መሬት በዓመት በሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚሸረሸር ገምቶ ነበር። ጎርፍ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነሳው ከባዱ አሸዋ ሳይሆን ደቃቁና ብስባሽ የተሸከመው አፈር ነው። መርዙ የተጣበቀበት ክፍል ማለት ነው። ደለሉ ሐይቁ ሥር ይተኛል፤ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ትሎች ይበሉታል፤ ዓሣው ትሎቹን ይበላል፤ በስብ ውስጥ የሚጠራቀመው ዲዲቲ በየደረጃው ይበዛል። ስለዚህ የእርከን ሥራ፣ ብዙ ሰው ላቡን ያፈሰሰበት የተፋሰስ ልማት፣ የፀረ ተባይ ቁጥጥር ሥራም ነው። በዚያ ዓይን የሚያየው ግን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቀኝነት መባል አለበት። ብስባሽ መርዙን ይይዛል እንጂ አያጠፋውም። የተያዘ መርዝ ጥቃቅን ሕዋሳት በቀላሉ ስለማያገኙት አንዳንዴ ከተለመደው በላይ ዕድሜ ያገኛል። የሚሟሟው የብስባሽ ክፍል ደግሞ በውኃ ሲጓዝ መርዙን አዝሎ ሊሄድ ይችላል። አፈርን ማዳበር መርዝ ለመርጨት ፈቃድ የሚሰጥ የሚመስለው ካለ ማርቲኒክንና ጓዴሎፕን ይመልከት።

በእነዚህ ሁለት የካሪቢያን ደሴቶች ከ1972 እስከ 1993 (እ.ኤ.አ.) የሙዝ ሥር የሚቦረቡር ጥንዚዛን ለመግደል ክሎርዴኮን የተባለ ፀረ ተባይ በሙዝ እግር ሥር ይበተን ነበር። መርዝነቱ አዲስ ወሬ አልነበረም። በአሜሪካ ቨርጂኒያ፣ ሆፕዌል በተባለች ከተማ ይህንኑ የሚያመርተው ፋብሪካ ሠራተኞቹ እየተንቀጠቀጡ ከታመሙ በኋላ በ1975 ተዘግቶ ነበር። ፈረንሳይ ፈቃዱን በ1990 አነሳች፤ ለሙዝ አምራቾች ግን በልዩ ፈቃድ እስከ 1993 ተራዘመ። ዛሬ ከደሴቶቹ አዋቂዎች ከ90 በመቶ በላይ በደማቸው ውስጥ ክሎርዴኮን አለ። ያምን፣ ጎደሬንና ስኳር ድንችን መርዙ ከአፈሩ ይለክፋቸዋል፤ በአንዳንድ የባሕር ዳርቻ ዓሣ ማጥመድ ተከልክሏል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ፕሬዚዳንት ማክሮን ማርቲኒክ ሄደው ነገሩ የአካባቢ ቅሌት መሆኑንና መንግሥትም ድርሻውን መሸከም እንዳለበት ተናገሩ። በጥር 2023 ግን ዳኞች የወንጀል ክሱን ማንንም ለፍርድ ሳያቀርቡ ዘጉት።

ለዚህ ደብዳቤ ዋናው ነገር አፈሩ ነው። ደሴቶቹ እሳተ ገሞራ ወለድ ናቸው። ብስባሽ የበዛበትና ውስጡ ቀዳዳ የሞላው ጥቁሩ አንዶሶል፣ ቀዩና ሸክላማው ኒቲሶል አሏቸው። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ሰውን ግራ የሚያጋባ ነበር። ከፍተኛውን መርዝ የያዘው አንዶሶሉ ነው፤ ግን ለውኃውና ለሰብሉ ከያዘው አንጻር ትንሽ የሚለቀው እሱ ነው። ኒቲሶሉ የሚይዘው ያንሳል፤ የያዘውን ግን ይለቃል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ግምት ዝናብ ብቻ ቢያጥበው ኒቲሶል ለመጥራት ከ60 እስከ 100 ዓመት ሲፈጅበት አንዶሶል ከ500 እስከ 700 ዓመት ይወስድበታል። ኮምፖስት ሲጨመርበት ወደ ሰብሉ የሚያልፈው መርዝ እንደሚቀንስም ታይቷል። መርዙ ግን እዚያው ነው። መፍትሔው ሳይሆን ማቆያው ነው የተገኘው።

ኢትዮጵያ ሁለቱም አፈሮች አሏት። ኒቲሶል በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ደጋ ሰፊ መሬት ሸፍኗል፤ አንዶሶል በስምጥ ሸለቆው ይገኛል። ዲዲቲም አለባት። ለወባ መከላከያ ቤት ለቤት ሲረጭ ቆይቶ የቆመው በ2000ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ለወባ የመጣው ወደ ማሳ፣ በተለይ ወደ ጫት ማሳ፣ ሲሾልክ መኖሩን ጥናቶች መዝግበዋል። በጅማ አካባቢ በላም ወተትና በእናት ጡት ወተት ውስጥ ሳይቀር ተገኝቷል። አገሪቱ ጊዜው ያለፈበትን ፀረ ተባይ ሰብስባ ከ1,000 ቶን በላይ ወደ ፊንላንድ ልካ አስቃጥላለች፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። ወደ ፊንላንድ የተላከው ግን በርሜሉ ነው። ከበርሜሉ የፈሰሰው፣ በየአሮጌው መጋዘን ወለልና አጥር ሥር የሰረገው፣ ከአፈሩ ጋር እንደተቆራኘ አለ። በዚያ አፈር ላይ ዶሮ ይጭራል፤ ሕፃን ይጫወታል፤ ካሮትና ድንች የሚተከልበትም አይጠፋም።

ሌላም ችግር አለ። መርዝ በአፈር ውስጥ በቆየ ቁጥር ወደ ብስባሹ ጥልቅ ይገባል፤ አንዳንዱም በኬሚካል ቁርኝት ከብስባሹ ጋር አንድ አካል ይሆናል። ላቦራቶሪ አፈሩን በማሟሟቻ አጥቦ ሲለካ የሚያገኘው ሊለቀቅ የሚችለውን ብቻ ነው፤ የተቆራኘው ቅሪት አይታይም። ስለዚህ «ቅሪት አልተገኘም» የሚል ወረቀት በራሱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በምን ዘዴ እንደተለካና አፈሩ ምን ያህል ብስባሽ እንዳለው አብሮ ካልተጻፈ ለገበሬውም ለገዢውም የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው።

ክቡራን፣ ዕውቀቱ በእጃችሁ የለም ለማለት አይደለም። ከሆላንዱ ዋገኒንገን ምሁራን ጋር በተሠራው የፀረ ተባይ ስጋት ቅነሳ ሥራ ፕራይሜት የተባለ ማስሊያ ለኢትዮጵያ ሁኔታ ተስማምቶ ተዘጋጅቷል፤ አንድ መድኃኒት ከርሰ ምድርና ገጸ ምድር ውኃ ላይ የሚያመጣውን ስጋት ያሰላል፤ ከኦርጋኒክ ካርቦን ጋር የመቆራኘት ቁጥሩንም ይጠይቃል። ኢትዮሲስ በተባለው የአፈር መረጃ ሥራ በየወረዳው ናሙና ተሰብስቦ ለማዳበሪያ ምክር የሚያገለግል ካርታ ተሠርቷል። በአገሪቱ የአፈር ላቦራቶሪዎች ኦርጋኒክ ካርቦንን በዎክሊ-ብላክ ዘዴ መለካት የዕለት ሥራ ነው። ቅሬታው ይህ ሁሉ ዕውቀት ከቢሮው በር አልፎ ጠርሙሱ ላይ አለመድረሱ ነው። ማዳበሪያ ሲመከር አፈሩ ይታያል፤ መርዝ ሲመከር አይታይም። ለዚህ ልዩነት አጥጋቢ ምክንያት የለም።

ስለዚህ የሚጠየቀው ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ አፈር ላይ የሚረጩና በውኃ በቀላሉ የሚጓዙ መድኃኒቶች ሲመዘገቡም ሆነ ምዝገባቸው ሲታደስ በገላጭ ጽሑፋቸው ላይ የአፈር ሁኔታ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ። ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ «አሸዋማና ብስባሽ የሌለው መሬት ላይ፣ በጉድጓድ አጠገብ አትርጩ» የሚል አንድ መስመርና የሚያስረዳ ሥዕል ይበቃል፤ ማንበብ የማይችልም ያየዋል። ከጉድጓዱ ምን ያህል መራቅ እንደሚገባ ቁጥሩን ባለሙያዎቻችሁ ይወስኑ፤ ቁጥር ግን ይኑረው። የአውሮፓ ኅብረት በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ለአንድ ፀረ ተባይ የሚፈቅደው በሊትር 0.1 ማይክሮ ግራም ነው። በመቂና በባቱ ዙሪያ ያሉ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ ይሁኑ በታች፣ ውኃውን የሚጠጣው ሰው የማወቅ መብት አለው፤ በየጊዜው ተለክተው ውጤቱ በቀበሌው እንዲለጠፍ ይጠየቃል።

አሮጌዎቹ መጋዘኖች ለብቻቸው ትኩረት ይሻሉ። በርሜሉ የተነሳበት ግቢ አፈር ተለክቶ፣ መርዝ የተገኘበት ታጥሮ፣ ሥር የሚያፈራ ሰብል እንዳይተከልበትና ከብት እንዳይሰማራበት ምልክት ይደረግበት። አፈሩን ማጽዳት ውድ ነው፤ የት እንዳለ ማወቅና ማጠር ግን ውድ አይደለም። ማርቲኒክ የትኛው ማሳ እንደተበከለ ካርታ የሠራችው መርዙ ከቆመ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሰዉ ከዚያ አፈር በቅሎ የወጣውን ሲበላ ኖሯል። ይህን ለመድገም ምንም ምክንያት የለም።

ስለ ብስባሹም ጥያቄ አለ። ሚኒስቴሩ ኮምፖስትንና ፍግን በማዳበሪያ ዕቅዱ ብቻ ሳይሆን በውኃ ጥበቃ ዕቅዱም ውስጥ እንዲያስገባ፣ ፀረ ተባይ በብዛት በሚረጭባቸው የመስኖ ወረዳዎች ለኩበት ምትክ የሚሆን ማገዶና የባዮጋዝ ማብላያ ቅድሚያ እንዲያገኝ ይጠየቃል። ከባዮጋዙ የሚወጣው ዝቃጭ ወደ ማሳ ይመለሳልና አንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ይሰጣል። በገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከላት ደግሞ የሁለቱ አፈር ሠርቶ ማሳያ ይዘጋጅ፤ የጓሮው አፈርና የሳሳው ማሳ አፈር በሁለት ዕቃ ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ጠብታው ሲደረግበት አንዱ አረፋ ሲያወጣ ሌላው ዝም ሲል ገበሬው በዓይኑ ይይ። ከዚያ በኋላ ስለ መጠኑ የሚሰጠው ምክር ሥር ይኖረዋል።

በመጨረሻም፣ የተመዘገቡ ፀረ ተባዮች ዝርዝር ሲታተም ከእያንዳንዱ ስም ጎን ከአፈር ጋር የመቆራኘት ቁጥሩና በአፈር ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አብሮ ይታተም። አምራቹ ለምዝገባ ሲያመለክት የሚያስገባው መረጃ ነው፤ ምስጢር አይደለም። ክሎርፓይሪፎስ በ2025 (እ.ኤ.አ.) በቀላሉ የማይጠፉ በካይ ኬሚካሎችን በሚመለከተው የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ገብቷል፤ ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት። እንዲህ ያለው መድኃኒት ከገበያ ሲወጣ በምን እንደሚተካ ስትወስኑ፣ ተተኪው ከአፈሩ ይልቅ ውኃውን የሚመርጥ ሆኖ እንዳይገኝ ያ ቁጥር ቀድሞ መታየት አለበት። አፈር የሚይዘውን መርዝ አስወጥቶ ጉድጓድ የሚገባውን ማስገባት መሻሻል አይባልም።

ከእነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ የገላጭ ጽሑፉና የዝርዝሩ ጉዳይ ብዙ በጀት የሚጠይቅ አይደለም፤ መመሪያ ማውጣት ይበቃል። ስለዚህ ቢያንስ በእነዚህ በሁለቱ ላይ ከመጪው የበጋ መስኖ በፊት ምን እንደወሰናችሁ በይፋ እንድታስታውቁ፣ የጉድጓዶቹና የመጋዘኖቹ ምርመራም መቼ እንደሚጀመርና በማን እንደሚመራ እንድትገልጹ በትሕትና ይጠየቃል። ሊሠራ የማይችል ካለም ምክንያቱ ይነገር፤ ገበሬውም፣ የልማት ሠራተኛውም፣ የሐይቁን ውኃ የሚጠጣው የባቱ ነዋሪም መልሱን ይጠብቃሉ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር